ከስትራክቸር ወደ ፕላንት፦ ሁሉም ነገር እንዲያልፍ አልፈልግም

የፓይፒንግ ሰው (የፋብሪካ ቧንቧ ዲዛይን የሚሠራ) «ሞዴሉን ላኪልኝ» ሲለኝ መልሴ «የትኛውን?» ነው። ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። ሞዴል ሞዴል ነው፣ ምን የትኛው አለው?

አለው እንጂ።

የምኖረው ደሴ ነው። የምሠራው የብረት ስትራክቸር ነው። ሥራው ግን በአብዛኛው ያለው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ነው፤ የፓይፕ ራክ (ፓይፖች የሚያልፉበት የብረት መደርደሪያ)፣ የታንከር መቆሚያ፣ የቦይለር ቤት፣ ማሽን ላይ መውጫ ፕላትፎርም። የፓይፑን ዲዛይን የሚሠሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ናቸው። አንዳንዴ ማሽኑን የሸጠው የውጭ ድርጅት ራሱ ይሠራዋል። ስለዚህ የምንገናኘው በፋይል ነው። ፋይሉ በቴሌግራም ይሄዳል፤ ስሙም «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» ነው። ሙያው ውስጥ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ሳፕ 2000 ወይም ስታድ በሚባሉት የስትራክቸር ማስያ ሶፍትዌሮች ላይ ያለው ሞዴሌ የስሌት ሞዴል ነው። እዚያ ውስጥ ብረት የለም። ነጥብ አለ፣ ነጥብ ከነጥብ የሚያገናኝ መስመር አለ፣ መስመሩ ላይ የተለጠፈ የፕሮፋይል (የብረቱ ቅርጽና መጠን) ስም አለ፣ ጭነት አለ። የፕላንት ሶፍትዌሮቹ (ፋብሪካውን ከነፓይፑ በ3ዲ የሚስሉት)፣ እነ ፒዲኤምኤስ፣ እነ ስማርትፕላንት፣ እነ አውቶካድ ፕላንት 3ዲ፣ የሚፈልጉት ሌላ ነው። ብረቱ ከየት እስከ የት ነው? ጀርባው (የላይኛው ፊቱ) ስንት ከፍታ ላይ ነው? ፓይፑ ያልፋል ወይስ ይጋጫል? የእኔ ሞዴል ይህን አልተጠየቀም፤ ስለዚህ አይመልስም። «ኤክስፖርት» የሚለውን ስለተጫንን ብቻ መልስ አይወጣውም።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። የፕላትፎርም ወለል ነው እንበል፤ የብረቱ ጀርባ +6.000 ሜትር ላይ እንዲሆን ተፈልጓል። ስሌት የሚሠራ ሰው ቢሞቹን (አግዳሚ ብረቶቹን) በሙሉ +6.000 ላይ ይስላቸዋል። ትልቁንም ትንሹንም። ለስሌቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። ችግሩ መስመሩ ሲነበብ የብረቱ መሃል ተብሎ መነበቡ ነው። ፋይሉ ሲሻገር ፕላንቱ እንደታዘዘው ያደርጋል፤ ቁመቱ 300 ሚሊ የሆነውን የአይፒኢ 300ን መሃል +6.000 ላይ ያስቀምጣል። ጀርባው +6.150 ሆነ ማለት ነው። አጠገቡ ያለው አይፒኢ 200 ጀርባው +6.100 ይሆናል። ግሬቲንግ (የብረት ፍርግርግ) የሚነጠፍበት ወለል የ50 ሚሊ ደረጃ አወጣ። ላዩ ላይ የሚያልፈው ፓይፕ ደግሞ እግሩ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ይታያል፤ የክላሽ (የግጭት) ሪፖርቱ በቀይ ይሞላል።

ደስ የሚለው ነገር ይህ ስህተት ራሱን ያጋልጣል። ከሌላ ሰው የመጣ ሞዴል ስከፍት መጀመሪያ የማየው ወለሉን ከጎን ነው። ቢሞቹ ከላይ እኩል ከሆኑ ሰውየው አስቦበታል። መሃላቸው እኩል ሆኖ ላያቸው ደረጃ ከሠራ፣ የተላከው ስሌት ነው።

መድኃኒቱ ካርዲናል ፖይንት የሚሉት ቁጥር ነው። መስመሩ በብረቱ መቁረጫ ላይ የት እንደሚያርፍ ይናገራል። 5 መሃል ነው፣ 8 የላይኛው ጠርዝ መሃል ነው፣ 10 የክብደት ማዕከሉ ነው። ሳፕ ዝም ካላችሁት 10 ይወስዳል። ለአይ ቢም 5 እና 10 አንድ ቦታ ናቸው። ለቻናል (በአንድ ጎኑ ክፍት ለሆነው ብረት) ግን አይደሉም፤ ዩፒኤን 200 ላይ በአግድም 17 ሚሊ ገደማ ይለያያሉ። የወለል ቢም ሲሆን 8 ብላችሁ ላኩ።

ይቺ ቁጥር እኛ አገር ከሌላው አገር በላይ ዋጋ አላት። ምክንያቱ ገበያው ነው። አይፒኢ 300 ብላችሁ ትሠራላችሁ፤ ወርክሾፑ ሲፈልግ ያጣል። ኮምቦልቻ አብሬያቸው የምሠራው አንድ ፎርማን አሉ፤ ቱቦላሬና አንጎላሬ በዓይናቸው ለክተው ውፍረቱን የሚነግሩኝ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይቺን ብረት ገበያው አያውቃትም፤ ኤችኢኤ 240 አለ፣ ይሁን?» ብለው ይደውላሉ። እሺ፣ ጥንካሬው ይበቃል። ክብደቱ ግን በሜትር ከ42 ኪሎ ወደ 60 ኪሎ ይወጣል፤ ባለቤቱ ያጉረመርማል፣ ይህ የራሱ ጉዳይ ነው። ቁመቱ ደግሞ 300 የነበረው 230 ይሆናል። መስመሩ መሃል ላይ ከታሰረ፣ ፕሮፋይሉን በቀየራችሁ ቅጽበት ጀርባው 35 ሚሊ ይወርዳል፤ ፓይፑም አየር ላይ ይቀራል። መስመሩ ጀርባው ላይ ከታሰረ ግን ብረቱ ወደ ታች ያጥራል እንጂ ጀርባው ንቅንቅ አይልም። ፓይፒንጉ ልጅ መቀየሩን ባያውቅ እንኳ ሥራው አይፈርስበትም። እንዲያውቅ ማድረግ ግን ግዴታ ነው፤ የብሎን ቀዳዳና የሰፖርቱ (የፓይፑ መቀመጫ) ወርድ ይለወጣል።

ኮለኑም (ምሰሶውም) እንደዚሁ ነው። ስሌት ላይ 12 ሜትር ኮለን ቢም በገባበት ሁሉ ይቆራረጣል፤ ነጥብ ያስፈልገዋላ። በኤክስ የተጣለ ብሬስ (ሰያፍ ማጠናከሪያ) መሃል ላይ ነጥብ ከተደረገበት አራት ቁራጭ ነው። ይህ እንዳለ ከተሻገረ የፕላንቱ የዕቃ ዝርዝር ቁርጥራጭ ብረት ይቆጥራል። ወርክሾፑ ግን አንድ ሙሉ ባለ 12 ሜትር ነው የሚያቆመው። ስለዚህ ከመላኬ በፊት በአንድ መስመር ያሉትን እየገጠምኩ አንድ አባል አደርጋቸዋለሁ። ቴክላ የሚባለው የብረት ዝርዝር መሳያ ሶፍትዌር ያለው ሰው እድለኛ ነው፤ እዚያ ብረቱን እንደ ብረት አቁሞ ከዚያ መላክ ይችላል። የላይሰንሱን ዋጋ ግን አታንሱብኝ።

የፋይሉን ዓይነት በተመለከተ ሰው ብዙ ይከራከራል። በእኔ ቤት ክርክሩ አጭር ነው። ኤስዲኤንኤፍ ከኢንተርግራፍ የወጣ አሮጌ ፎርማት ነው፤ እስካሁን የማከብረው ግን በኖትፓድ ስለሚከፈት ነው። ክፍሎቹ በቁጥር ናቸው፦ 10 ቀጥ ያሉ አባላት፣ 20 ላሜራ። አንዱን አባል ፈልጌ የፕሮፋይሉን ስም፣ የካርዲናል ፖይንቱን ቁጥርና የሁለቱን ጫፎች ልክ በዓይኔ አነባለሁ። ስልክ ላይ «የአንተ ሶፍትዌር ነው የእኔ?» የሚል ጭቅጭቅ ሲነሳ ኖትፓድ ይዳኛል። ሲአይኤስ 2 የሚሉት ከአውሮፓው ሲምስቲል ፕሮጀክት የመጣ ነው፤ የአሜሪካ የብረት ግንባታ ኢንስቲትዩት ስለተቀበለው በአሜሪካ ብረት ሠሪዎች ዘንድ ዘመን ነበረው። ስሌቱንም፣ ዲዛይኑንም፣ ለወርክሾፕ የሚሆነውን ዝርዝርም ለየብቻ እንዲይዝ ታስቦ ነው የተሠራው። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ እዚህ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። አሁን ሁሉም የሚጠይቀው አይኤፍሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አይኤስኦ 16739 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል፤ ጥሩም ነው። ግን አይኤፍሲ ስለሆነ ብቻ እምነት አትጣሉበት። ያው መስመር፣ ያው የተሳሳተ ከፍታ፣ በሚያምር ፋይል ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል። መኪናው ሐረጎን ወረደ ማለት ጭነቱ በደህና ደረሰ ማለት አይደለም።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። አንዱ ሶፍትዌር ኤችኢኤ 200 ይላል። ሌላው ኤችኢ 200 ኤ ይላል። ሦስተኛው ያንኑ ክፍት ቦታ ጨምሮበት ይጽፋል። ለሰው አንድ ብረት ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት። የማያውቀው ስም ሲመጣ አንዳንዱ ሶፍትዌር ባዶ መስመር ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይዘለዋል። መዝለሉ ነው የሚያስፈራኝ። የጎደለ ብረት ክላሽ አያሳይም፤ ፓይፑ በነፃነት ያልፋል፣ ሪፖርቱ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም ይደሰታል። ስለዚህ የስም ማዛመጃ ሠንጠረዥ በኤክሴል አለኝ። ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ደግሞ የአባላቱን ብዛትና ጠቅላላ ክብደቱን እጽፋለሁ። ተቀባዩ የራሱን አስቆጥሮ ያመሳክር።

ስለ ከፍታና አቅጣጫ ቶሎ ልበል። የእኔ ±0.000 ለፕላንቱ ብዙ ጊዜ +100.000 ነው፤ ይህ በአንድ መስመር ይፈታል። ስታድ እንደተለመደው የዋይን (Y) አቅጣጫ ወደ ላይ ያደርጋል፤ ሳፕ የዜድን (Z)። ካልተነገረው ራኩ ጎኑን ሰጥቶ ይተኛል፤ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው የቀያሹን ኮኦርድኔት እንዳለ ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ኮምቦልቻ በዩቲኤም (የካርታ ልኬት ሥርዓት) ዞን 37 ከምድር ወገብ በስተሰሜን 1.2 ሚሊዮን ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በሚሊ ሜትር ሲጻፍ ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር ነው፤ አንዳንድ ሶፍትዌር ሰባት አሃዝ ያህል ነው በትክክል የሚይዘው። የቀረውን ያጠጋጋዋል። አንድ የኮለን ማዕዘን ዜሮ አድርጉና የቀያሹን ቁጥር በወረቀት ላይ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ። ከፕላንቱ ወደ እኔ መምጣት ያለበት ጭነት ነው። እዚህ ላይ ሞዴል አልቀበልም። ሠንጠረዥ እቀበላለሁ።

ለምን? የእንፋሎት መስመር አስቡ። በ7 ባር እንፋሎቱ 170 ዲግሪ አካባቢ ነው። 50 ሜትር የብረት ፓይፕ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እዚያ ሲደርስ 90 ሚሊ ሊረዝም ይፈልጋል። ይህ ርዝመት በሉፕ (ሆን ተብሎ በታጠፈ ፓይፕ) ይዋጣል፣ የቀረው ግፊት ግን አንከር የተደረገበት (ፓይፑ እንዳይንቀሳቀስ የታሰረበት) ቢም ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ኮለኔን በፓይፑ አቅጣጫ ወደ ጎን ይገፋዋል። ይህን የሚያውቀው የፓይፕ ስትረሱን (ፓይፑ ላይ ያለውን ውጥረት) በሲዛር 2 ሶፍትዌር የሠራው ሰው ነው እንጂ የ3ዲ ሞዴሉ አይደለም። በ3ዲ ሞዴሉ ላይ አንከሩ አንዲት ቁራጭ ላሜራ ናት። ከዚያ የውሃ ፍተሻ ቀን አለ። ባለ 8 ኢንች ስኬጁል 40 (የውፍረት ደረጃ ነው) ፓይፕ ባዶውን በሜትር 42 ኪሎ ተኩል ነው፤ ውሃ ሲሞላ 32 ኪሎ ይጨመርበታል። በ6 ሜትር ስፓን (በሁለት ሰፖርት መካከል ባለ ርቀት) 450 ኪሎ ገደማ። ሥራ ላይ እያለ እንፋሎት ብቻ የሚይዘው መስመር ያን ክብደት የሚያየው ምናልባት ያን ቀን ብቻ ነው። ቢሙ ግን ለያን ቀንም መቆም አለበት።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ገጽ ኤክሴል ነው፦ የሰፖርቱ ቁጥር፣ ቦታው፣ በሦስቱ አቅጣጫ ኃይሉ፣ የትኛው ሁኔታ እንደሆነ (ባዶ፣ ሥራ ላይ፣ ውሃ ፍተሻ)። ምልክቱ ላይ ደግሞ አጥብቄ እይዛለሁ፤ ፓይፑ ብረቱን የገፋበት ነው ወይስ ብረቱ ፓይፑን? ሲዛርም እንደ ስታድ ዋይን ወደ ላይ ማድረግ ይወዳል፤ የእኔ ዜድ ነው፤ እዚያ ላይ የተምታታ ሠንጠረዥ አግድሙን ግፊት ክብደት ያደርገዋል። የፓይፑ ክብደት ለመሬት መንቀጥቀጥ ስሌትም ያስፈልገኛል። የምንሠራው ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የደረሰው ከእኛ ደቡብ ነው። «ፓይፑን በኋላ እንጨምረዋለን» የሚለኝን ሰው ስለዚህ አልሰማውም።

«ባይሆን ሁለቱን ሶፍትዌሮች አገናኝተን፣ አንዱ ሲቀየር ሌላው ራሱ ይቀየር» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። በተለይ ከወጣቶቹ። ቴክኖሎጂው አለ፤ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ አለቃ ስር ያለ ቡድን ይጠቀምበት። እኛ ሦስት ቦታ ተበትነን፣ መብራት በሚሄድበት ከተማ፣ አልፈልገውም። የፓይፑ ልጅ ለሰፖርቱ እንዲመቸው ቢሜን 200 ሚሊ ቢያንቀሳቅሰው በእኔ ስሌት ውስጥ በዝምታ እንዲገባ አልፈቅድም። ይደውልልኝ። ብረቱ የእኔ ነው፣ ጭነቱ የእሱ ነው። ብረት ከእኔ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ጭነት ከእሱ ወደ እኔ ይመጣል። የተቀረው በስልክ።

ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ነገር አደራ። ለውጥ ሲመጣ አባሉን ሰርዞ እንደ አዲስ መሳል ይቀላል፣ አውቃለሁ። ግን እያንዳንዱ አባል መታወቂያ አለው፤ አይኤፍሲ ላይ ባለ 22 ፊደል ኮድ ነው። ሰርዛችሁ ከሳላችሁት ኮዱ አዲስ ይሆናል። ፕላንቱ የድሮው ቢም ሞተ፣ ሌላ ተወለደ ብሎ ይረዳል። በድሮው ቢም ላይ የታሰሩ የፓይፕ ሰፖርቶች ያለ ባለቤት ይቀራሉ። የፓይፑ ልጅ እነሱን አንድ በአንድ ሲያስር ያመሻል፤ ስለ እናንተ የሚለውን ደግሞ ባትሰሙት ይሻላል። ያለውን አንቀሳቅሱት፣ ፕሮፋይሉን ቀይሩት፣ አትሰርዙት።

ከአዲስ ሰው ጋር ሥራ ስጀምር ዋናውን ሞዴል ከመላኬ በፊት ትንሽ የሙከራ ፍሬም እልካለሁ። አንድ ኮለን፣ ጀርባቸው እኩል የሆነ አይፒኢ 300 እና አይፒኢ 200፣ አንድ ብሬስ፣ አንድ ቻናል። ቻናሏን ሆን ብዬ ነው የማስገባት። አይ ቢም ግራ ቀኙ አንድ ስለሆነ ስህተትን ይደብቃል፤ የመነሻና የመድረሻ ጫፉ ቢገለበጥም አያስታውቅም። ቻናል ግን ፊቷን ታዞራለች። ተቀባዩ የሁለቱን ቢሞች ጀርባ ከፍታ፣ የኮለኑን ርዝመትና የቻናሏ ሆድ ወዴት እንዳየ በስክሪንሾት ይልክልኛል። ሦስቱ ልክ ከሆኑ ዋናው ይሄዳል። ፍሬሙን የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ እልካለሁ፤ በየትኛው ሶፍትዌርና በየትኛው ቨርዥን እንደምትከፍቱት ብቻ አብራችሁ ንገሩኝ።