«አራስ ነኝ» ማለት ነበረብኝ

እርግዝናዬ ሰላም ነበር። ክትትሌን አላቋረጥኩም፣ የደም ግፊቴም አንድ ቀን ከፍ ብሎ አያውቅም። በሰላም ተገላገልኩ። በማግስቱ ልጄን ታቅፌ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ቤቴ ገባሁ። «በ6 ሳምንት ተመለሺ» ተብያለሁ።

በወለድኩ በአምስተኛው ቀን ማታ ራሴን ፈለጠኝ። አማቴ «ምች ነው፣ በሩ ተከፍቶ ነው የመታሽ» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው በቡና አጠጡኝ። እኔም አመንኩ። እሳቸው ስድስት ወልደዋል፣ እኔ ገና አንድ። ሲነጋ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይል ጀመር። አማቴ አጥሚት ሲያቀብሉኝ ኩባያውን ስቼ አየር ጨበጥኩ።

ባጃጅ ይዘን ሄድን። ካርድ ክፍል መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «ምንሽን ነው?» አለኝ። «ራሴን» አልኩት። በዚች አንዲት ቃል ሦስት ሰዓት ተቃጠልኩ። የያዝኩትን ካርድ ሳሳየው «ይሄ የሕፃኑ ነው፣ ያንቺ የወሊድ ካርድ ተዘግቷል፤ አዲስ አውጪና ተመላላሽ ግቢ» አለኝ። ጉንፋን ከያዛቸው ሰዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ያለቅሳል። ጡቴ ፈሶ ቀሚሴን አርሶታል። በአጠገቤ ስንት ነጭ ጋውን አለፈ! አንዱም «መቼ ወለድሽ?» አላለኝም። እስካሁን ያናድደኛል። ከሁሉም በላይ ግን የምናደደው በራሴ ነው። ሰው አላስቸግርም ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቁጭ! ይሉኝታ ሊገድለኝ ነበር።

ያዳነችኝ የጽዳት ሠራተኛ ናት። መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ «ይቺ እኮ አራስ ናት!» ብላ እጄን ይዛ ማዋለጃ ክፍል አስገባችኝ። ሲስተሯ ለካችኝ፤ 170/110። ደግማ ለካች። ከዚያ ሁሉም ሮጠ። መንፈራገጥ የሚከላከል ማግኒዚየም የሚባል መድኃኒት ተወጋሁ፣ የግፊት መድኃኒት ተጀመረልኝ፣ ሦስት ቀን ተኛሁ። ለካ ይሄ ግፊት በእርግዝና ጊዜ ባይኖርም ከወሊድ በኋላ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ካልታከመ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጥ ይችላል።

ስለዚህ «በ6 ሳምንት ተመለሺ» ብትባዪም አትጠብቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ አራስ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ መታየት አለባት ይላል፦ በመጀመሪያው ቀን፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከ7 እስከ 14 ቀን። እኔ ደግሞ አምስተኛውን ቀን እጨምራለሁ። ከወሊድ በኋላ ግፊት ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ነው። አራስ ከቤት አትወጣም የሚሉ ይበሉ። መስኮቱ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ሕመምሽን ከመናገርሽ በፊት «ከወለድኩ ይሄን ያህል ቀኔ ነው» በያቸው።

ልጄን በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት አስከተብኩ። እሱ ይመዘናል፣ እኔን የሚያይ የለም። እጅጌዬን ሰብስቤ «እኔንም ለኩኝ» አልኩ። «ይሄ የክትባት ክፍል ነው» ተባልኩ። ሳልለካ አልወጣም አልኩ፤ ለኩኝ። በ9 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ስንሄድ ሲስተሯ ገና ከበር ስታየኝ «ነይ፣ ክንድሽን አምጪ» አለችኝ። 120/80።