ብሔራዊ የሒሳብ ማኅበራችንን ወደ ዓለም አቀፉ ኅብረት ያስገባንበት መንገድና ከሥራው የተማርኩት

ማኅበራችን አገሪቱን ወክሎ ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት እንዲገባ ማመልከቻውን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት ለእኔ በተሰጠ ጊዜ ከአባላት በተደጋጋሚ የቀረበልኝ ጥያቄ «ምን እናገኝበታለን?» የሚል ነበር። በየዓመቱ መዋጮ የሚያስከፍል አባልነት ጥቅሙ ሊብራራ ስለሚገባው ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው እየገፋ ሲሄድ ከዚህ አስቀድሞ መልስ ማግኘት ያለበት ሌላ ጥያቄ እንዳለ ተረዳሁ፤ ይኸውም በኅብረቱ ዘንድ አገሪቱን ወክሎ የሚናገረው ማን ነው የሚለው ነው።

በኅብረቱ ደንብ መሠረት አባል የሚሆነው አገር ነው። የሒሳብ ማኅበር፣ የሳይንስ አካዳሚ ወይም የምርምር ምክር ቤት የአገሩ ተጠሪ ሆኖ ይቀርባል እንጂ ወንበሩ የግሉ አይሆንም። ተመራማሪዎችም በየግላቸው አይመዘገቡም። ሁሉም የሳይንስ ኅብረቶች እንዲህ አይደሉም፤ ለምሳሌ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከአገሮች በተጨማሪ የግለሰብ አባላትም ስላሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ፕራግ ላይ ፕሉቶን ከፕላኔቶች ተርታ ያስወጣውን ድምፅ የሰጡት በጉባኤው የተገኙ ባለሙያዎች እንጂ የአገር ልዑካን አልነበሩም። በሒሳብ ግን ድምፁ የአገር በመሆኑ ማመልከቻውን ያዘጋጀ ማኅበር ከራሱ አባላት ውጭ ያሉትንም ማሰብ ግድ ይለዋል።

ማኅበራችን በአመዛኙ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስብስብ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ የሒሳብ አስተማሪዎችም እንዲሁ። ሁለቱም በውጭው ዓለም ፊት በእኛ ስም መጠራትን አልወደዱትም፤ አልፈርድባቸውም፤ እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን አልወድም ነበር። ስለዚህ ማመልከቻውን ከመጻፌ በፊት ሦስቱ ማኅበራት የሚወከሉበት ብሔራዊ ኮሚቴ እንዲቋቋምና የአሠራር ደንቡ በጽሑፍ እንዲሰፍር ሐሳብ አቀረብኩ። አስተማሪዎቹን ያሳመናቸው ልመና ወይም ውዳሴ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የተመሠረተውና ዛሬ በኅብረቱ ሥር የሚሠራው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ትምህርት ኮሚሽን ከየአገሩ አንድ ተወካይ አለው፤ የዚህን ተወካይ እጩ የማቅረቡ መብት የአስተማሪዎቹ ማኅበር እንዲሆን ደንቡ ውስጥ በማስገባታችን ነው የተስማሙት። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ደግሞ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከኅብረቱ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ቀን ለሁሉም እንዲደርስ። ለዚህም የማንም የግል አድራሻ ያልሆነ፣ የኮሚቴው ብቻ የሆነ የኢሜይል አድራሻ ተከፈተ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የማኅበሩ ሰብሳቢ በተቀየረ ቁጥር ከውጭ ጋር የነበረው ግንኙነት አብሮ እንዳይቋረጥ ያደረገው ይህ ነው።

ማመልከቻው ራሱ ስለ አገሪቱ የሒሳብ ሕይወት መረጃ ይፈልጋል፤ የትኞቹ ተቋማት በሦስተኛ ዲግሪ እንደሚያስተምሩ፣ ምን ዓይነት መጽሔት እንደሚታተም፣ ምርምር የሚካሄደው በየትኞቹ ዘርፎች እንደሆነ። ይህን ለመመለስ ወደየትምህርት ክፍሉ ስንጽፍ፣ በተመሳሳይ ርዕስ ላይ እየሠሩ አንዱ የሌላውን መኖር የማያውቁ ተመራማሪዎች እንዳሉ ታየ። ምዝገባውን ለማመልከቻው ብለን ብንጀምረውም ከዚያ በኋላ በየጊዜው እያደስን የምንገለገልበት ሰነድ ሆኗል።

ረጅሙ ክርክር የተካሄደው በአባልነት ደረጃ ላይ ነው። ሙሉ አባላት በአምስት ምድብ ይከፈላሉ፤ የመጀመሪያው ምድብ አንድ፣ አምስተኛው አምስት ድምፅ አለው፤ መዋጮው ግን ከድምፁ በፈጠነ መጠን ይጨምራል። መዋጮ የማይከፈልበት፣ ድምፅም የማያሰጥ የተባባሪ አባልነት አማራጭም አለ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ለአገር ክብር ሲባል ከሁለተኛው ምድብ እንድንጀምር ይፈልጉ ነበር። እኔ የተከራከርኩት ለመጀመሪያው ነው። መዋጮው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑና ክፍያው ለዓመታት ሲወዘፍ የመምረጥ መብት ስለሚታገድ፣ በየዓመቱ የተከፈለ አንድ ድምፅ ካልተከፈሉ ሁለት ድምፆች ይበልጣል። ገንዘቡ በማኅበሩ በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ እስኪኖረው ድረስም ማመልከቻው እንዳይላክ ጠየቅሁ። ይህን ማረጋገጥ ለማይችል ማኅበር ከተባባሪ አባልነት መጀመር የሚያሳፍር አይመስለኝም።

ማመልከቻው በኅብረቱ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ከታየ በኋላ በነባር አባል አገሮች ድምፅ ይወሰናል። ስለዚህ ሂደት እምብዛም የምለው የለም፤ ሰነዱ የተሟላ ከሆነ መጠበቅ ብቻ ነው።

ስለ ጥቅሙ ለአባላት ስናገር አንድ ነገር ላይ ጥንቃቄ አድርጌአለሁ። ኅብረቱ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች የሚሰጣቸው ድጋፎች አሉ፤ በጎ ፈቃደኛ መምህራንን ይልካል፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድጎማ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሴኡል ላይ ለተካሄደው የሒሳብ ሊቃውንት ኮንግረስም አዘጋጆቹ ከእነዚህ አገሮች አንድ ሺህ ሰዎችን ለመጋበዝ ዕቅድ ይዘው ነበር። ይሁንና ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚመዘኑት በአገሪቱ የኢኮኖሚ ደረጃ እንጂ በአባልነት ስላልሆነ፣ የአባልነት ፍሬ አድርጌ ማቅረቡ ትክክል አልመሰለኝም። አባልነት የሚያስገኘው ሌላ ነው፤ ለሽልማቶችና ለኮንግረሱ ተናጋሪዎች ጥቆማ እንዲሰጡ የሚጠየቁት፣ በየአራት ዓመቱ በሚካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የኅብረቱን አመራር የሚመርጡትና ቀጣዩ ኮንግረስ የት እንደሚደረግ የሚወስኑት ተጠሪ ድርጅቶች ናቸው።

ይህ ውሳኔ የወግ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ሁለት ታሪኮችን እጠቅስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ስትራስቡርግ ላይ የተመሠረተው የመጀመሪያው ኅብረት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሸነፉትን አገሮች በማግለሉ ሲያወዛግብ ኖሮ በ1932 ፈረሰ፤ የዛሬው የተቋቋመው ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ሲሆን የመጀመሪያ ጠቅላላ ጉባኤውን በ1952 ሮም ላይ አደረገ። በቅርቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ሳኦ ፓውሎ ላይ የተሰበሰቡት ልዑካን ከፓሪስና ከሴንት ፒተርስበርግ ሁለተኛዋን ለ2022 ኮንግረስ መረጡ፤ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር ግን ኮንግረሱ በኢንተርኔት እንዲካሄድ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ወደ ሄልሲንኪ እንዲዛወር ተደረገ። ማን ይግባ፣ የት እንሰብሰብ የሚሉት ጥያቄዎች እንዲህ ሲከብዱ በአዳራሹ ውስጥ ያልተገኘ አገር ሌሎች የወሰኑትን ይሰማል እንጂ የሚለው ነገር አይኖርም።

አንድ ድምፅ ያለው አገር የሚልከው አንድ ልዑክ ብቻ በመሆኑ የልዑኩ ጉዳይ ራሱን የቻለ አንቀጽ ተሰጥቶታል። ልዑኩ ከሦስቱ ማኅበራት በተራ ይመረጣል፤ ከመሄዱ በፊት ኮሚቴው በእያንዳንዱ አጀንዳ ላይ ያለውን አቋም በጽሑፍ ይሰጠዋል፣ ሲመለስም ሪፖርቱን ለሦስቱም ማኅበራት ያቀርባል። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ በቅርቡ የተራው ቅደም ተከተል እንዲሻሻል ጠይቀዋል፤ ጥያቄያቸው ለሚቀጥለው የኮሚቴው ስብሰባ በአጀንዳነት ተይዟል።