አራት ነጥብ የጎደለው

ዛሬ የአውስትራሊያዊውን የክሪኬት መቺ የዶናልድ ብራድማንን አሮጌ ፊልሞች ሳይ ዋልኩ። ልቤን የነካው የመጨረሻው የቴስት (በአገሮች መካከል ለቀናት የሚካሄድ) ጨዋታው ነው።

ኦገስት 14 ቀን 1948፣ ለንደን፣ ኦቫል ሜዳ። ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭብለታል፤ ተጋጣሚዎቹ እንግሊዛውያን እንኳ ከበውት እልል አሉለት። የእንግሊዙን ኳስ ወርዋሪ የኤሪክ ሆሊስን የመጀመሪያ ኳስ መለሰ። ሁለተኛዋ አታለለችውና ከጀርባው የቆሙትን እንጨቶች መታች። በዜሮ ወጣ! አራት ነጥብ ብቻ ቢያገኝ የቴስት ዘመኑ ሁሉ አማካይ ውጤቱ 100 ይሆን ነበር፤ በ99.94 ቀረ። ብዙ ታላላቅ የሚባሉ መቺዎች በ50ዎቹ ውስጥ ስለሚጨርሱ፣ ይህ ቁጥር ለእኔ ከማንኛውም ስፖርት ክብረ ወሰን ይበልጣል።

ከቁጥሩም በላይ ልጅነቱ ይገርመኛል። ቦውራል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ያለ አሰልጣኝ፣ ከቤታቸው ጓሮ ብቻውን ይለማመድ ነበር። የጎልፍ ኳስ ከውኃ ታንከሩ የጡብ መሠረት ጋር ያላትማል። ግንቡ ክብ ስለሆነ ኳሷ በየት በኩል እንደምትመለስ አይታወቅም፤ እርሱ ግን በቀጭን እንጨት ይመታታል። ሰዓታት ሙሉ! በ1930 ሊድስ ላይ፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ በአንድ ቀን 309 ነጥብ ያስቆጠረው ያ የጓሮ ልጅ ነው።