የዳሽቦርድ ጌጅ ሲዋሽ ከየት መጀመር ይሻላል

ጅማ ውስጥ ዛሬም የሚሠሩ ዲኤክስ ኮሮላዎች፣ የድሮ ሃይሉክሶችና ላንድክሩዘሮች ሞተራቸው ገና ሳይደክም ዳሽቦርዳቸው ይሰንፋል። ነዳጅ ሞልቶ ቀስቱ ባዶ ላይ ይተኛል፣ ወይም የሙቀቱ ቀስት ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቦታ ተቸክሎ ይውላል። ባለቤቱ ያገለገለ ሙሉ ዳሽቦርድ ገዝቶ ያስገጥማል፣ በሽታው ግን እዚያው ነው። ጌጁ ራሱ የሚበላሸው ከስንት አንዴ ነውና። ጥፋቱ በአብዛኛው ቦዲው (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ግንኙነት)፣ ሶኬቱ ወይም ሴንሰሩ ላይ ይገኛል። መልቲሜትር፣ ሁለት ሜትር ሽቦና አንድ 3.4 ዋት አምፖል የያዘ ሰው ምንም ሳይገዛ ቦታውን መለየት ይችላል።

ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ከፊውዙ ተነስቶ በጌጁ ውስጥ ያልፋል፣ በአንድ ሽቦ ሴንሰሩ ጋ ይደርሳል፣ በሴንሰሩ በኩል ደግሞ ቦዲ ይይዛል። የሴንሰሩ ሥራ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታበትን መጠን፣ መቀያየር ብቻ ነው። ሬዚስታንሱ ሲቀንስ ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ቀስቱም ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሴንሰሩ ጋ ያለው ሶኬት ሲነቀል ቀስቱ ታች ከወረደ፣ ሽቦው በአምፖሉ በኩል ቦዲ ሲነካ ደግሞ ወደ ላይ ከወጣ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የሞተው አንዱ ጌጅ ነው ወይስ ሁሉም የሚለው ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከሞቱ ፊውዙን ፈትሹ። በብዙ ቶዮታዎች የጌጁ ፊውዝ የኋላ ማርሽ መብራቱንም ስለሚያበራ፣ ሪቨርስ ስታስገቡ መብራቱ እምቢ ካለ ፊውዙ ዋነኛ ተጠርጣሪ ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነ ቀጥሎ ቦዲው ነው። ፍሬቻ ስትሰጡ የነዳጁ ቀስት አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ የፊት መብራት ሲበራ ጌጆቹ ቦታቸውን የሚቀይሩ ከሆነ ወይም የማይመለከታቸው አምፖሎች ደብዘዝ ብለው የሚበሩ ከሆነ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ወደ ቦዲው ሂዱ። ቶዮታ ላይ የቦዲው ሽቦ ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው። መብራቶቹን አብርታችሁ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የዳሽቦርዱ ቦዲ ሽቦ ላይ አድርጉ። ከ0.1 ቮልት ብዙ ካለፈ ብሎኑን ፈትታችሁ ቆርቆሮው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና መልሳችሁ አጥብቁ። በጅማ ዝናብና በየሳምንቱ ላቫጆ ይህ ቦታ ቶሎ ይዝጋል፤ ከታሰረ በኋላ ትንሽ ግራሶ ቢቀባ ውሃውን ይከላከላል።

ዳሽቦርዱን ስታወጡ ጀርባው ላይ ያለውን ስስ የመዳብ መስመር በደንብ እዩት። ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ሶኬቱ በኃይል ሲሳብ ከፍ ይላል፣ ይሰነጠቃል። የጠቆረውን በእርሳስ ላጲስ አሹት፣ ብርጭቆ ወረቀት ግን አይንካው፤ መዳቡ ከስሱም ስስ ነው። ጌጁን የሚይዙት ትንንሽ ዳዶዎች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ላላ ያለ አንድ ዳዶ አንድ ጌጅ ሊገድል ይችላል። በለስላሳ እጅ ማጥበቅ ይበቃል።

ነዳጁና ሙቀቱ አንድ ላይ ካበዱ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ተጠያቂው የቮልቴጅ ማስተካከያው ነው። በድሮዎቹ ጌጆች ቀስቱን የሚገፋው በሙቀት የሚታጠፍ ብረት ሲሆን፣ ማስተካከያው 12 ቮልቱን እየቆራረጠ በአማካይ ወደ 7 ቮልት ያወርደዋል። በብዙ ቶዮታዎች የተደበቀው ነዳጅ ጌጁ ውስጥ ነው። የማስተካከያው ኮንታክት ተጣብቆ ከቀረ 12 ቮልቱ በሙሉ ያልፍና ሁለቱም ከልክ በላይ ያሳያሉ፤ ከተቃጠለ ሁለቱም ታች ይተኛሉ። ዲጂታል መልቲሜትር እዚህ ቁጥሩ ስለሚዘልል ግራ ያጋባል፣ ብልጭ ድርግም የሚል መሞከሪያ አምፖል ይሻላል። ኤሌክትሮኒክስ የሚነካ ሰው ኤልኤም 317 በሚባለው ባለ ሦስት እግር የቮልቴጅ ማስተካከያ ሊተካው ይችላል። ከመውጫው ወደ ማስተካከያ እግሩ 240 ኦም፣ ከማስተካከያ እግሩ ወደ ቦዲ 1.1 ኪሎ ኦም፣ ማለትም 1 ኪሎና 100 ኦም ተከታትለው ሲገቡ 7 ቮልት ይሰጣል። ማቀዝቀዣ ብረት ያስፈልገዋል። የኤልኤም 317 የጀርባ ብረት ከመውጫው ጋር የተገናኘ ስለሆነ ግን በቀጥታ ቦዲ ላይ አይታሰርም። የድሮው ኮንታክትም በሽቦ መታለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ሁለቱ ተደራርበው ይቆርጣሉ።

አንዱ ጌጅ ብቻ ከታመመ ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉና በ3.4 ዋቱ አምፖል በኩል ቦዲ አስይዙት። አምፖሉ የሚገባው ጌጁ በቀጥታ ቦዲ ሲነካ እንዳይቃጠል ነው። የእነዚህ ጌጆች ቀስት ቀርፋፋ ስለሆነ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከወጣ ሴንሰሩን ወይም የሴንሰሩን ቦዲ ፈልጉ። ካልወጣ ያንኑ ሙከራ ዳሽቦርዱ ጀርባ ላይ ድገሙት፤ እዚያ ከሠራ ሽቦው መሃል ላይ ተቆርጧል፣ እዚያም ካልሠራ ጌጁ ወይም የጀርባው መዳብና ዳዶ ነው።

የነዳጁ ሴንሰር ከሰልባትዮው ላይ፣ በቤት መኪኖች ብዙ ጊዜ በኋላ ወንበር ወይም በሻንጣ ማስቀመጫው ወለል ስር ይገኛል። ከመንቀላችሁ በፊት ነዳጁ ከሩብ በታች ይሁን፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ ሥራው ከጋራዥ ውጭ አየር ባለበት ይሁን። በአምፖሉ የሚደረገውም ሙከራ ሰልባትዮው ተዘግቶ እያለ ነው፤ የተከፈተ አፍ አጠገብ አንድ ብልጭታ ሰው ይገድላል። ሴንሰሩ ሲወጣ ክንዱን ቀስ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ እያነሳችሁ ለኩ። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ባዶ ሲሆን ወደ 120፣ ግማሽ ላይ ወደ 40፣ ሙሉ ሲሆን ወደ 17 ኦም ይሰጣል። ቁጥሩ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። መሃል ላይ ከጠፋ የሚንሸራተተው ምላስ አይነካም ማለት ነው፤ በኮንታክት ክሊነር አጽዱና ምላሱን በጥቂቱ ጫን አድርጉት። ተንሳፋፊውን ጆሮ አጠገብ ነቅንቁት፤ ውስጡ የሚንቦጫረቅ ነገር ካለ ተበስቷል፣ ሰምጦ ይቀራል፣ ጌጁም ሁልጊዜ ባዶ ይላል። ቤንዚን የገባበትን ተንሳፋፊ በሊድ ለመድፈን መሞከር አደገኛ ስለሆነ መቀየር ነው።

ከሁሉም ግን ቅድሚያ የሚገባው የሙቀቱ ጌጅ ነው። ነዳጅ ጌጅ ሲዋሽ መንገድ ላይ ትቆማላችሁ፣ የሙቀት ጌጅ ሲዋሽ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይበላል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ጊቤ በረሃ ወርዶ ያንን ዳገት መውጣት አለበት፣ እዚያ ላይ ደግሞ በቀስቱ ነው የሚታመነው። ሴንሰሩን ነቅላችሁ በድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር እያሞቃችሁ ለኩት። ሲቀዘቅዝ በመቶዎች ኦም ይሆናል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ያለማቋረጥ ይወርዳል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 100ን አትጠብቁ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ጥርሱን በቴፍሎን ቴፕ አትጠቅልሉት፤ ሴንሰሩ ቦዲ የሚይዘው በጥርሱ ስለሆነ ጌጁ ቀዝቃዛ ያሳያችኋል።

ሁለት ነገር ሰውን ያሳስታል። አንደኛው ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ሬዲያተር እንዳይሄድ የሚገታው) ወጥቶ የተጣለበት ሞተር ነው፤ በተለይ በቁልቁለት ቀስቱ ታች ይቀራል፣ ጌጁ ተበላሸ ይባላል፣ ጌጁ ግን እውነቱን እየተናገረ ነው። መፍትሔው ትክክለኛውን ቴርሞስታት መመለስ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ሬዲያተሩ ውሃ ጨርሶ ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ሲቀር፣ ከፍ ብሎ የነበረው ቀስት በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ይወርዳል። "በረደ" ብሎ መንዳት ሞተሩን ይጨርሰዋል። ዳገት ላይ ቀስቱ ያለምክንያት ከወደቀ ወዲያው ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የሬዲያተሩን ክዳን ግን ሳይበርድ አትክፈቱ።

የዘይቱ መብራት ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ሲከፈት መብራት አለበት። ካልበራ ሞተሩ ላይ ያለውን የዘይት ግፊት ስዊች ሽቦ ነቅላችሁ ቦዲ አስነኩ፤ አሁን ከበራ ስዊቹ ነው፣ ካልበራ አምፖሉ ወይም ሽቦው። ሞተር እየሠራ ከበራ ግን ዘይቱን ሳትለኩና ግፊቱን በሜካኒካል ጌጅ ሳታረጋግጡ "ስዊቹ ይሆናል" ብላችሁ አትንዱ። የባትሪው መብራት አምፖል ከተቃጠለ ደግሞ በብዙ መኪኖች ዲናሞው ላይቀሰቀስ ስለሚችል አምፖሉን ቶሎ ቀይሩት። ሞተር ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መታየት አለበት።

ፍጥነት ጠቋሚው ብቻውን የተለየ ነው፣ በገመድ የሚሠራ ነው። ፍጥነቱም ኪሎሜትር ቆጣሪውም ከቆሙ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ካምቢዮው ላይ ያለው ጥርስ አልቋል። ቆጣሪው እየሠራ ቀስቱ ከሞተ ችግሩ ጌጁ ውስጥ ነው። ቀስቱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ገመዱ ደርቋል ወይም አንድ ቦታ በጣም ታጥፏል። ገመዱን አውጥታችሁ በቤንዚን እጠቡ፣ አድርቁ፣ በስሱ ግራሶ ቀቡና መልሱ፤ ወደ ጌጁ የሚገባውን የላይኛውን 10 ሴንቲሜትር ግን ደረቅ ተዉት። ግራሶው ወደ ላይ ከወጣ ማግኔቱ ያለበት ቦታ ገብቶ ቀስቱን ይይዘዋል፣ ያኔ ጌጁ ራሱ መፈታት ይኖርበታል።