ቅጠሉን ትቼ አንጓውን ማየት ስጀምር፦ የ4 ወር ልምዴ

ሰላም ጓደኞች፣ የጌጥ ተክሎችን በስም መለየት ከጀመርኩ 4 ወር ሞላኝ። ደብተሬ ላይ አሁን 41 ተክል አለ፣ ከነዚህ ውስጥ ማንንም ሳልጠይቅ አፌን ሞልቼ ይሄ እንትን ነው የምለው ግን ወደ 30 ቢሆን ነው። በመሀል አንድ ወር ሙሉ ቆሜ ነበር፣ አንድም አልጨመርኩም፣ የጻፍኩትንም እየሰረዝኩ ነበር። ለምን እንደቆምኩና በምን እንደተላቀቅኩ ነው ዛሬ ማካፈል የፈለኩት ምክንያቱም ጥያቄዎቻችሁን ሳይ ብዙዎቻችሁ እዛው ቦታ ላይ ያላችሁ መሰለኝ።

መጀመሪያ የማየው ቅጠሉን ብቻ ነበር። ልብ ይመስላል ወይ፣ ቢጫ አለበት ወይ፣ ያብረቀርቃል ወይ። ከዛ በስልኬ ፎቶ አነሳና ተክል የሚለየው አፕ የሚለኝን እገለብጣለሁ። አንድ ቀን ያንኑ አንድ ሐረግ ከሶስት ጎን አነሳሁት፣ አንዴ ፖቶስ አለኝ አንዴ ፊሎደንድሮን አለኝ (ሁለቱም ቤት ውስጥ የምናሳድጋቸው የሚመሳሰሉ ሐረጎች ናቸው) በሶስተኛው ጭራሽ ሌላ ስም ሰጠኝ። ቅጠል ለካ በጣም ተቀያያሪ ነገር ነው። ፖቶስ ብርሃን ሲያንሰው ቢጫው እየጠፋ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲያረጅ ደግሞ ዳር ዳሩ የተሰነጣጠቀ ትልልቅ ቅጠል ያወጣል፣ ፖት ላይ ያለውን ብቻ የሚያውቅ ሰው አይቶ አያምንም። አበባውን አይቼ እለየዋለሁ ካላችሁም ፖቶስ ማለት ይቻላል አያብብም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ጅብሬሊን የሚባለውን ሆርሞን የሚያመርትበት ጂን ስለማይሰራለት ነው የማያብበው፣ ሆርሞኑ ከውጭ ሲረጭበት አብቧል። እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ቤት ያለ ተክል አበባውን አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ምን ልይ አልኩ። መልሱ አንጓው ነው። ቅጠሉ ከግንዱ የሚጋጠምባት ቦታ። እሷ ቶሎ አትቀየርም።

ፖቶስና ፊሎደንድሮንን (ያንን ልብ ቅርጹን ማለቴ ነው) አጠገብ ላጠገብ አድርጌ ለ2 ሳምንት በየቀኑ አየኋቸው። ፖቶስ ቅጠሉን የሚይዘው ዘንግ ላይ ቦይ አለ፣ በጣታችሁ ስትሄዱበት ይታወቃችኋል፣ የፊሎደንድሮኑ ግን ድብልብል ያለ ነው። አዲስ ቅጠል ሲመጣ ደግሞ ልዩነቱ ፍጥጥ ይላል፣ ፊሎደንድሮን አዲሱን ቅጠል በስስ ሽፋን ጠቅልሎ ነው የሚያወጣው፣ ቅጠሉ ሲከፈት ሽፋኑ እዛው ደርቆ ቡናማ ሆኖ ይቀርና ይረግፋል። ፖቶስ እንደዚህ አይነት ለብቻው የሚረግፍ ሽፋን የለውም፣ አዲሱ ቅጠል ከፊተኛው ቅጠል ዘንግ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። አንጓው ላይ ያለውን የአየር ስርም እዩት፣ ፖቶስ ብዙ ጊዜ አንድ ወፈር ያለ ጉጥ ነው፣ ፊሎደንድሮኑ ጋ ቀጫጭን ሆነው በዛ ይላሉ። ከዛ ወዲህ እነዚህን ሁለቱን አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። በነገራችን ላይ ሁለቱም ሲታኘኩ አፍ የሚያቃጥል ክሪስታል ስላላቸው ህጻን ወይ ድመት ያለበት ቤት ከፍ አርጋችሁ ስቀሏቸው።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ ዚዚ (ZZ) የሚባለው የቤት ውስጥ ተክል ነው። እኔ ደብተሬ ላይ "ብዙ ትናንሽ ቅጠል ያለው ግንድ" ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ የእጽዋት ትምህርት የተማረ ጓደኛዬ አየውና ብብቱን ፈልጊ አለኝ፣ ቅጠሉና ግንዱ የሚገናኙበትን ጥግ ማለቱ ነው። እውነተኛ ቅጠል ከግንዱ ሲነሳ ብብቱ ስር እምቡጥ አለ፣ የአንድ ትልቅ ቅጠል ክፍል የሆነ ትንሽ ቅጠል ከሆነ ግን የለም። ዚዚ ላይ ብፈልግ ብፈልግ እምቡጥ የለም! ለካ ያ ቀጥ ብሎ የቆመው ነገር ሙሉው አንድ ቅጠል ነው፣ ግንድ የሚባለው አፈር ውስጥ የተቀበረው ድንች የመሰለው ነው። ይቺ የብብት ነገር ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ ናት።

ምክንያቱም ወደ ውጪዎቹ ዛፎች ስሄድ ያለሷ አይሆንም ነበር። ጃካራንዳና የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ዴሎኒክስ ሲያብቡ አንዱ ሐምራዊ ሌላው ቀይ ስለሆነ ማንም ይለያቸዋል፣ አበባ ሳይኖራቸው ግን ሁለቱም ላባ የመሰለ ድርብ ክፍልፋይ ያለው ቅጠል ነው ያላቸውና ከስር ቆሞ ማወቅ ከባድ ነው። ብብቱን ፈልጋችሁ አንድ ቅጠል ከየት እስከየት እንደሆነ ካወቃችሁ በኋላ አቀማመጡን እዩ፣ ጃካራንዳ ቅጠሎቹ ቅርንጫፉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ነው የሚወጡት፣ ዴሎኒክስ አንዱ በዚህ ጎን ቀጣዩ በዛ ጎን እየተፈራረቀ። ለማረጋገጫ መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ አንሱ፣ የጃካራንዳ ክብ ጠፍጣፋ ሆኖ ልክ በመዳፍ የሚያዝ ነው፣ የዴሎኒክስ እንደ ጎራዴ ረጅም ነው፣ ግማሽ ሜትር የሚያልፍ አለ።

እሾህም እንደዛው ነው፣ ከየት እንደተነሳ ነው ወሳኙ። እኛ ቁልቋል ስንል ካክተሱንም ዩፎርቢያውንም አንድ ላይ ነው የምንጠራው ግን ዝምድና የላቸውም። ካክተስ እሾሁ የሚነሳው ከትንሽ ጸጉራም ትራስ ላይ ነው፣ ዩፎርቢያ ያ ትራስ የለውም፣ ብዙዎቹ ላይ እሾሁ ጥንድ ሆኖ ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ ሲቧጨር ደግሞ ነጭ ወተት ያወጣል። እባካችሁ ለመለየት ብላችሁ በባዶ እጅ እንዳትቆርጡ፣ እኔ ቆርጬ ሳላስተውል አይኔን ነክቼ ሙሉ ሌሊት ሲያቃጥለኝ ነው ያደረው። ትራሱን ማየት ብቻ ይበቃል። ቡገንቪሊያ ደግሞ እሾሁ እዛው የቅጠሉ ብብት ላይ ስለሆነ ሳያብብም ታውቁታላችሁ፣ ያ ቀዩ ወይ ሮዙ አበባ የምንለውም አበባ ሳይሆን ቀለም የያዘ ቅጠል ነው፣ አበባው መሀሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ነጭ ቱቦዎች ናቸው።

ስም ላይ የተደናገራችሁ ካላችሁ እኔም ነበርኩ። ሳንሴቬሪያ (ያ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው) እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ድራሴና የሚባለው ወገን ውስጥ ገብቷል፣ ሁለቱም ስም ስላለ ሁለቱንም ነው የምጽፈው። እሱ ላይ አንድ የሰረዝኩት ነገር አለ፣ ዳሩ ቢጫ የሆነውን ቅጠሉን ቆርጬ ተክዬ የበቀለው አረንጓዴ ብቻ ሲሆን ሌላ አይነት ነው ብዬ በ2 ቁጥር መዝግቤው ነበር። ያው ራሱ ነው፣ ቢጫው በቅጠል ቁራጭ አይተላለፍም፣ ቢጫውን ማቆየት የፈለገ ከስሩ ከፍሎ ነው መትከል ያለበት።

አሁን የያዘኝ ድራሴናንና እሱን የሚመስለውን ኮርዲላይን የሚባል ተክል መለየት ነው። ቀዩ ኮርዲላይን ቅጠሉ ከግንዱ ጋ ሲገናኝ ግልጽ ዘንግ አለው፣ ሰፊ ቅጠሉ ድራሴና ዘንግ የለውም ቅጠሉ ራሱ ነው ግንዱን የሚያቅፈው። እስከዚህ ገብቶኛል፣ ግን ቅጠለ ጠባቦቹ ላይ እስካሁን እጠራጠራለሁ። ስራቸውን ማየት ነው የቀረኝ፣ የድራሴና ስር ቢጫ ወደ ብርቱካን ይሄዳል የኮርዲላይን ነጭ ነው። ቅዳሜ ሁለቱን ፖት ልቀይርላቸው ነው፣ ሳወጣቸው ስራቸውን ፎቶ አንስቼ እለጥፍላችኋለሁ፣ ጠባብ ቅጠል ያለው ቤቱ ያለ ሰው ካለ እሱም አፈሩን ትንሽ ገለጥ አርጎ ይይልኝ።