ዮኮሃማ፦ የመርማሪዎቹ ከተማ

ከቶኪዮው ሺቡያ የተሳፈርኩበት ባቡር ዮኮሃማ ውስጥ ሞቶማቺ-ቹካጋይ ጣቢያ ሲደርስ መስመሩ ያበቃል። ቶኪዮ የመጣሁት ለሥራ ነው፤ ዮኮሃማን ግን ለማየት ስመኝ የኖርኩት «ቡንጎ ስትሬይ ዶግስ» የተባለውን አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን ፊልም) ካየሁ ጀምሮ ነው።

ላላየው፣ ታሪኩ ልዩ ኃይል ስላላቸው መርማሪዎችና ወደቡን ስለተቆጣጠረው ማፊያ ነው። የካፍካ አሳጊሪ ድርሰት፣ የሳንጎ ሃሩካዋ ሥዕል ሲሆን ማንጋው (በሥዕል የሚነገረው ታሪክ) እ.ኤ.አ. በ2012 ጀምሮ ቦንስ ስቱዲዮ በ2016 በቴሌቪዥን አቀረበው። ዋና ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት የታወቁ ደራስያንን ስም ይዘዋል፤ ኃይላቸውም ብዙ ጊዜ በድርሰታቸው ርዕስ ይጠራል። አኪኮ ዮሳኖ በ1904፣ ወንድሟ ለሩሲያና ጃፓን ጦርነት በዘመተ ጊዜ፣ እንዳይሞትባት የተማጸነችበትን ግጥም የጻፈች ባለቅኔ ናት። በአኒሜው ሐኪም ሆናለች፤ ማዳን የምትችለውም ሞት አፋፍ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው። ይህን ያሰበ ጸሐፊ ግጥሙን ከልቡ አንብቦታል።

ከጣቢያው ወጥቼ በቀጥታ ወደቡን ከላይ የሚያሳይ ፓርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጣሁ። ወደቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ክሬኖቹ፣ መርከቦቹ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ቤይ ብሪጅ የተባለው ድልድይ። በ1984 የተከፈተው የካናጋዋ የዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ ሙዚየም እዚሁ ፓርክ ውስጥ ነው። በስክሪን ሲሯሯጡ የማውቃቸው ሰዎች እዚህ ስማቸው የሚነሳው በመጽሐፋቸው ነው።

እኔን እዚህ ድረስ ያመጣኝ ግን አትሱሺ ናካጂማ ነው። በአኒሜው ከሕፃናት ማሳደጊያ የተባረረ፣ «አንተ ለምንም አትረባም» እየተባለ ያደገ ልጅ ነው፤ ሳያውቀው ወደ ነጭ ነብር ይለወጣል። እውነተኛው ናካጂማ ከ1933 ጀምሮ በዚሁ ኮረብታ ግርጌ በሴቶች ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። አስም ያሠቃየው ነበር። ስለ ነብሩ የጻፈው አጭር ልቦለድ በ1942 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በ33 ዓመቱ አረፈ።

ልቦለዱን በእንግሊዝኛ አንብቤዋለሁ። ባለ ታሪኩ በታንግ ዘመን ቻይና የኖረ ገጣሚ ነው። ኩራቱ ከሌሎች እንዳይማር፣ ፍርሃቱ ደግሞ ችሎታውን እንዳይፈትን ስለያዙት በመጨረሻ አውሬ ሆኖ ጫካ ይቀራል። ለእኔ የአኒሜው ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ያንኑ ነብር ወስዶ ራሱን ለሚንቅ ልጅ ሰጠውና ሰው እንዲያድንበት አደረገ። በኋለኞቹ ምዕራፎች ሴራው ሲበዛ ይህ ክር ይሳሳል፤ የመጀመሪያዎቹን አብልጬ የምወደውም ለዚህ ነው።

ትምህርት ቤቱ በነበረበት ቦታ ዛሬ ሞቶማቺ መዋዕለ ሕፃናት አለ፤ ለናካጂማ የቆመለት የመታሰቢያ ድንጋይም እዚያው ነው። የሕፃናት ግቢ ስለሆነ አልገባሁም። ከደጅ ቆሜ፣ ጠመኔ ይዞ፣ ሳል እያቋረጠው የሚያስተምረውን ወጣት መምህር አሰብኩ። ዐይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ወደ ያማሺታ ፓርክ ወረድኩ። የ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ሲያፈርስ ፍርስራሹን ወደ ባሕሩ ሞልተው የሠሩት መናፈሻ ነው። በባሕሩ ዳር ሲቀጥሉ ቀይ የጡብ መጋዘኖቹ ይመጣሉ፤ ከበስተጀርባ 296 ሜትር ከፍታ ያለው ላንድማርክ ታወርና መሐሉ ላይ ሰዓት ያለው ትልቁ ተሽከርካሪ ጎማ። አኒሜው ላይ ደጋግሜ ያየሁት ሰማይ ይኸው ነበር፣ ስለዚህ መንገድ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ማታ ኦቻዙኬ በላሁ። በመጀመሪያው ክፍል ረሃብ ሊገድለው የደረሰው አትሱሺ ምን ልጋብዝህ ሲባል የሚጠይቀው ይህን ነው። አስተናጋጇ ሩዙን በጎድጓዳ ሳህን፣ ትኩሱን ሻይ በማንቆርቆሪያ ለየብቻ አመጣችልኝ። ሩዙ ላይ የተጠበሰ ሳልመን፣ የባሕር አረም ቁራጭና ጎምዛዛ ፕለም አለ። ሻዩ ሲፈስበት አረሙ ይለሰልሳል፣ የሳልመኑ ጨው ወደ መረቁ ይወጣል። ሆድ የማያስጨንቅ፣ የቤት ምግብ ነው፤ የተራበ ልጅ ለምን እንደተመኘው ገባኝ።

ለመሄድ የምታስቡ፣ ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ሌላ ቀን ምረጡ። ኮረብታውን ጠዋት ጨርሱና ወደ ባሕሩ ውረዱ፤ ከተቻለም የናካጂማን ልቦለድ ባቡር ላይ አንብቡት፣ አጭር ነው፣ ሳትደርሱ ያልቃል።