ክፍት በር ላይ ደጅ ስንጠና

ረቡዕ ማታ፣ ሰሙነ ሕማማት

ከሥራ መልስ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። በዚህ ሳምንት «መስቀል ያሳልሙኝ» ብሎ ወደ ካህን ጠጋ ማለት የለም። «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚል አባትም የለም። ሰው ቢሞት እንኳ ጸሎተ ፍትሐት አይደረግለትም፤ የሳምንቱ ፍትሐት ሆሳዕና ዕለት ለሁሉም አስቀድሞ ደርሷል። ልጅ ሆኜ ነገሩ ሐዘን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ቀናት የምታስበው 5500ውን ዘመን ነው፤ አዳም ከገነት ከወጣ ጀምሮ ክርስቶስ እስኪመጣ ድረስ ያለውን፣ ዓመተ ፍዳ የሚባለውን። በሩ የተዘጋ እንደሆነ ምን ይመስል እንደነበር በአካል ታቀምሰናለች።

ቤት ገብቼ ዘሌዋውያን 16ን አነበብኩ። ብዙ ሰው ዘሌዋውያን ላይ ሲደርስ ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያልፈዋል፤ አልፈርድበትም። ይህ ምዕራፍ ግን ገና ከመጀመሪያው ያስቆማል። እግዚአብሔር ሙሴን የተናገረው የሊቀ ካህናቱ የአሮን ሁለት ልጆች ከሞቱ በኋላ ነው ይላል። ናዳብና አብዩድ ጥናቸውን ይዘው፣ ዕጣን ጨምረው፣ ያልታዘዙትን እሳት አቀረቡ። እሳት ወጥቶ በላቸው። «አሮንም ዝም አለ።» ልጆቹ ሞተውበት በዚያች ሰዓት ያለው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

እንግዲህ ለዚህ አባት ነው በዓመት አንድ ጊዜ ጥና ይዘህ፣ ፍም ሞልተህ፣ ሁለት እጅህን ሙሉ ዕጣን ዘግነህ ከመገናኛው ድንኳን መጋረጃ ወደ ውስጥ ትገባለህ የሚባለው። ልጆቹ ይዘውት የሞቱትን ዓይነት ዕቃ ይዞ። ጢሱ የታቦቱን የስርየት መክደኛ ካልሸፈነው ይሞታል። የወርቅ ጌጥ ያለበትን ልብሱን ትቶ የተልባ እግር ልብስ ይለብሳል። በመጀመሪያ ስለ ራሱና ስለ ቤቱ ወይፈን ያርዳል። ስለ ሕዝቡ ደግሞ ሁለት ፍየሎች ቀርበው ዕጣ ይጣላል። አንዱ ይታረድና ደሙ ወደ ውስጥ ይገባል። በሁለተኛው ራስ ላይ ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን በደል ሁሉ ይናዘዝበታል፤ ፍየሉም ወደ ምድረ በዳ ይነዳል። የነዳው ሰው እንኳ ልብሱን ሳያጥብና ገላውን ሳይታጠብ ወደ ሰፈር አይመለስም። አሮን ውስጥ እያለ ሌላ ማንም ድንኳኑ ውስጥ አይገኝም። ብቻውን ነው። በዓመቱ ደግሞ እንደገና ከአንድ። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ይህን ቀን አስተሠርዮ ብለው ሲጾሙት ኖረዋል።

ከዚያ ወደ ዕብራውያን ተሻገርኩ። ምዕራፍ 10 ላይ ካህን ሁሉ ዕለት ዕለት ቆሞ ያገለግላል ይላል፤ ክርስቶስ ግን አንድ መሥዋዕት አቅርቦ ተቀመጠ። ለመሆኑ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጫ ነበረ? ብዬ ዘጸአትን አገላበጥኩ። ገበታ አለ፣ መቅረዝ አለ፣ የዕጣን መሠዊያ አለ፣ ታቦቱ አለ። ወንበር የለም። ሥራው የማያልቅ ሰው ምን ወንበር ያደርግለታል? ክርስቶስ ግን ጨርሶ ተቀመጠ። የቤተ መቅደሱም መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ተቀደደ። መጽሐፉ ክርስቶስ የሞተበትን ሰዓት ዘጠኝ ሲል ደግሞ የእኛው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መደመር መቀነስ አያስፈልገንም። ዓርብ ዕለት በስግደት ብዛት ጉልበታችን ሲዝል የምናየው ሰዓት ማለት ነው።

እና እኛ ምን እናደርጋለን? ደጅ ጥናት ያሳደገን ሕዝብ ነን። ድሮ ጌታ ቤት ደጅ፣ ዛሬ ቢሮ በር ላይ። ጉዳይ ሲኖርህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እዚያ ሰው አለህ ወይ?» ነው። ይህንኑ ልማድ ይዘን መሰለኝ ወደ እግዚአብሔርም የምንሄደው። ስለ ቅዱሳን ምልጃ አይደለም የማወራው፤ እሱን ከጴንጤው ጓደኛዬ ጋር ስንት ማኪያቶ እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጭቀንበታል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ይከፈታል፤ ካህኑ ሥጋውን ደሙን ይዞ ይወጣል። በድንኳኑ ዘመን ማንም የማይገባበት ነገር ራሱ ወደ ሕዝቡ ሲመጣ ማለት ነው። ማን ይቀርባል? በአብዛኛው ሕፃናትና አዛውንት። መሃል ላይ ያለነው ነጠላችንን አስተካክለን ግቢው ዛፍ ሥር ቆመናል። ለምን ሲሉን «አልበቃሁም» ነው መልሱ።

ግማሹ እውነተኛ ትሕትና ነው፣ አልክድም። ግማሹ ግን ይመቸናል። ቀረብኩ ማለት የተጣላሁትን ልታረቅ፣ የያዝኩትን ልልቀቅ ማለት ስለሆነ ደጅ መቆሙ ይቀላል። መብቃት ቢሆን ኖሮ መለኪያው አሮንም አይገባም ነበር፤ ስለ ራሱ ወይፈን አርዶ ነው የገባው። «ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንቅረብ» የተባለው ለበቁት አይደለም፤ ምሕረት ለሚፈልጉ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ በዚህ በኩል ይበልጠኛል፤ ሲጸልይ አያመነታም። አንዳንዴ ግን ዘው ማለቱ ያስፈራኛል። ያው ዕብራውያን እኮ ምዕራፍ 12 ላይ አምላካችን የሚያጠፋ እሳት ነው ይላል። ናዳብና አብዩድም ዘው ያሉ ናቸው።

አሁን ከመተኛቴ በፊት እማዬ ጋ ደውዬ ይህን ሁሉ ዘረዘርኩላት። ጾም ገድፋ፣ ቅዳሴ አስታጉላ አታውቅም። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እሺ፣ አንተስ መቼ ነው የምትቆርበው?» አለች።

«አንቺስ እማዬ?»

«እኔማ ሳረጅ እያልኩ…» ብላ ሳቀች። «አሁንስ ያረጀሁ መሰለኝ።»

እሷ ከቆረበች ቆይታለች ብዬ ነበር የማስበው። ለካ አንድ ዛፍ ሥር ነው የቆምነው። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ንስሐ አባታችን ዘንድ አብረን ልንሄድ ተነጋግረናል። ቀኑን እሷ ታስቆርጣለች።